ጸበል ብዬ ወደ ዳሸን

ቅዳሜ፣ ሞጣ

"ከዚህ ወዲያ የለም" አለ ሹፌሩ። ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ሄደ። ለምን ብሎ የጠየቀው የለም። መንገድ ተዘጋ ከተባለ ተዘጋ ነው፤ ከለመድነው ቆየን።

ከቢቸና ስነሳ ሐሳቤ ዛሬ ባሕር ዳር ልደር፣ ነገ ጎንደር፣ ከዚያ ደባርቅ ነበር። ጓደኛዬ ሰናይት እዚያ መምህራን ሰብስባለች። ዓርብ ጠዋት ወደ ራስ ዳሸን ይነሣሉ፤ የዘገየ ሰው አይጠበቅም። ስልኬ ደግሞ ኔትዎርክ የሚባል ነገር የለውም።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ራስ ዳሸን ብዬ ጽፌ ከፍታውን አስሸመድዳለሁ። አምና አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ እርስዎ አይተውታል?" አለችኝ። ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ። ጥያቄው ግን አላለፈኝም። ዘንድሮ የወሰነ ትምህርት እረፍት ሲመጣ የተራራ መውጫ ጫማ ገዛሁ።

ለእናቴ ተራራ ልወጣ ነው አላልኳትም። ሠላሳ ዓመት አልፏት ያላገባች ልጅ ተራራ ልትወጣ ነው ቢባል "ምን ጠፍቶብሽ?" ነው የምትለኝ። ጎንደር ጸበል ልሄድ ነው አልኳት። መረቀችኝ።

የአባቴ እህት እትዬ ውዴ እዚሁ ሞጣ ናቸው። እሳቸው ቤት ገባሁ። ጫማዬን በፌስታል ጠቅልዬ አልጋ ሥር ደበቅኩ።

እሑድ

እናቴ ደውላላቸው ኖሯል። የእኔ ስልክ እምቢ ሲል የእሷ እንዴት እንደሠራ እንጃ።

እትዬ ውዴ ከቅዳሴ መልስ አጠገቤ ተቀመጡና "ለጸበል ከሆነማ ምን ጎንደር አስኬደሽ? የእኛው ጊዮርጊስ መቼ አነሰ?" አሉ። ደህና ነኝ ብላቸው ታዲያ ለምን ወጣሽ ሊመጣ ነው። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን እሺ አደረጉት። "ምንሽን ነው?" ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ። እሱን ደግሞ የትዳር ነገር አደረጉት። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው በአንድ አዳር ከበደኝ።

ሰኞ

የነነዌ ጾም ገባ። ገና ጎሕ ሲቀድ ጊዮርጊስ ነበርን። ውሃው አጥንት ይሰብራል። ካህኑ በመስቀላቸው ጀርባዬን እየመቱ "ልቀቃት" ይላሉ። ማን ይልቀቀኝ? የያዘኝ መንገዱ ነው።

ስንመለስ እትዬ ውዴ ጉዱን ነገሩኝ። አንዴ የተጀመረ ጸበል ሰባቱ ቀን ሳይሞላ አይተውም፤ ቢተውት ይብሳል። ሰባቱ የሚሞላው እሑድ ነው። ሰናይት የምትነሣው ዓርብ ነው።

ተምሬያለሁ፣ አላምንበትም ልል እችላለሁ። ግን የቢቸና ልጅ ነኝ። ጸበል አቋርጬ ገደል ላይ እግሬ ቢሰበር ምን እንደማስብ አውቀዋለሁ። አሁን መንገዱ ቢከፈትም ባይከፈትም ታስሬያለሁ። ተናደድኩ፤ በማንም ሳይሆን በራሴ።

ማክሰኞ

ከጸበል መልስ መናኸሪያ ሄድኩ። ዘበኛው "ነገ" አለኝ። ትናንትም ነገ ነበር።

ቤት ብገባ ልፈነዳ ነው። እግሬም እንዳይዝል ብዬ ቤተ ክርስቲያኑን በፈጣን እርምጃ መዞር ያዝኩ። ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ ላብ አጠመቀኝ። ጥላ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ያዩኛል። ለካ ስእለት መስሏቸው ነው። "እንዲህ ያለች ጸሎተኛ አይተን አናውቅም" ብለው እትዬ ውዴ ጋ ወሬው ቀድሞኝ ደረሰ። ማታ እህል ስንቀምስ ፊታቸው በኩራት በርቷል።

ከዚያ አልጋው ሥር የገባች ዶሮ ሊያስወጡ ጎንበስ አሉ። ፌስታሉን ይዘው ቀና አሉ።

"ይሄ የወታደር ጫማ የማን ነው?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። የተማሪዋን ጥያቄ፣ ዳሸንን፣ ጸበል ያልኩት ውሸት መሆኑን፣ ዙሩንም ጭምር። ጫማውን አንዴ ገልበጥ አድርገው ሶሉን አዩና መሬት አስቀመጡት። ዶሮዋን እያባረሩ ወጥተው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ መናኸሪያ

ጠዋት ወደ ጸበል ስንሄድ ከፊቴ ቀድመው ሄዱ። ተጠምቄ ስንቀጠቀጥ ካህኑን ወደ ጎን ወስደው ቆይተው አነጋገሯቸው። ተመልሰው ሲመጡ በእጃቸው ቢጫ ጀሪካን ይዘዋል፤ አፉ ድረስ ሙሉ ነው።

"የቀረውን እዚያው በየጠዋቱ ትጠመቂዋለሽ። ካህኑ ፈቅደዋል።"

"እትዬ፣ እዚያ ላይ እኮ ውሃ በረዶ ይሆናል።"

"ታሞቂዋለሻ።"

ቦርሳዬን ሊያሸክሙኝ እያነሡ በደቡብ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ አዩ። "እኔ ከዚያ ሥር ነው የተወለድኩት" አሉ። "የጠፋች ላም ፍለጋ እስከ ወገቡ ወጥቻለሁ። ላሟ ስትገኝ ተመለስኩ። ጫፉ ላይ ምን ሥራ አለኝ ብዬ። አሁን ጉልበቱ የለም።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ለእናትሽ ግን አልዋሽልሽም። ጸበሏን ይዛ ሄደች ነው የምላት።"

"መንገዱ ባይከፈትስ?"

"ዛሬ እኮ የዮናስ ከዓሣ ሆድ መውጫው ነው። ሂጂ ደግሞ።"

ወደ ባሕር ዳር የሚሞክር ሚኒባስ አገኘሁ። ሁላችንም ገብተን ከተቀመጥን ቆየን፤ ሹፌሩ ከውጭ ቆሞ ከሰው ጋር ያወራል። ጀሪካኑ ጭኔ ላይ ነው፣ ክዳኑ ጠብ ጠብ ይላል፣ ቀሚሴ ርሷል። ረዳቱ ጣራ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ አልኩ።

"ምንድን ነው?" አለኝ።

"ጸበል።"

"ለማን?"

"ለእኔ" አልኩት። ስለው አልዋሸሁም።

ሹፌሩ ገባ። ሞተሩ ተነሣ። እስከ የት ነው ብሎ የጠየቀ የለም።