ከምላሴ ሥር የነበረው ወተት

ሐሙስ፣ መጋቢት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ መቱ

ዛሬ ጉድ ሆንኩ። የእጄ አንጓ ላይ ያለው ሽፍታ ሲያሳክከኝ፣ ጉንጬ ከውስጥ ሲቃጠል ይኸው ሁለት ዓመት አለፈው። በርበሬ የነካው ሽሮ እንኳ ለአፌ እሳት ነው። ጎረቤቴ ህንዳዊው መምህር "ፍቱን መድኃኒት ነው" ብሎ ካገሩ ያመጣውን፣ ሆሚዮፓቲ የሚሉትን እንክብል ከሰጠኝ ወዲህ ጠዋትና ማታ ከምላሴ ሥር አደርጋለሁ። ይጣፍጣል፣ ቶሎም ይሟሟል።

ዛሬ የሽፍታውን ቅባት ላሳድስ ሆስፒታል ስሄድ የእንክብሉን ጠርሙስ ለሐኪሟ አሳየኋት። ጽሑፉን አንብባ ፈገግ አለች።

"አዴ አስቴር፣ ይሄ እኮ የወተት ስኳር ነው። መድኃኒት የሚባል ነገር የለውም። ብቻ ቅባቱን እንዳያቋርጡ።"

ወተት! በሁዳዴ! ያውም ጾሙ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ!

ከዚያው በቀጥታ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። አባ አልተቆጡኝም። "መድኃኒት ከሆነ ጾም አያስገድፍም፣ ልጄ" ብለው መስቀል አሳለሙኝ። እፎይ ብዬ የግቢው በር ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። "ከሆነ" ነው ያሉት። መምህሩ ልክ ከሆነ ጾሜ አለ፤ ሐኪሟ ልክ ከሆነች ግን ሁዳዴን በስኳር ገድፌዋለሁ። ተመልሼ ልጠይቃቸው ፈራሁ።

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት አፌን ከፈትኩ። ሕመሙ ጉንጬ ውስጥ እንደ መረብ የዘረጋው ነጭ መስመር የሳሳ መሰለኝ። እንክብሉ እውነትም መድኃኒት ይሆን እንዴ? ሌላ ቀን ቢሆን እልል እል ነበር። ዛሬ ግን ደጋግሜ የማየው የትኛው እንዲድንልኝ እንደሆነ አላወቅሁም፤ ጉንጬ ወይስ ጾሜ።