ኮምፒውተርህ ፈጠነች

የኔ ሞልዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ገና አለፈ። እኔና ሰላም ደህና ነን። ዛሬ የምነግርህ ደስ የሚል ወሬ አለኝና ሰላምታውን ላሳጥረው። ኮምፒውተርህ ፈጠነች።

ሆቴሉ አሮጌ ዕቃውን ሲሸጥ በባጃጅ ጭነህ ያመጣሃት ዕለት ትዝ ይልሃል? ስክሪኑን ጭንህ ላይ አቅፈህ፣ ላገኘኸው ሰው ሁሉ እየሳቅህ። ስታስጎበኝ ውለህ ቱሪስቶችህን ሸኝተህ ስትመጣ ጫማህን ሳታወልቅ የቀኑን ፎቶ ትገለብጥባት ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ ግን አብርቻት ሽሮዬን ጥጄ፣ አብስዬ እስካወርድ ድረስ አትነሳም ነበር።

ዘንድሮ ሰላም አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ፈተናው በኮምፒውተር ነው ሲባል ልጅህ እንቅልፍ አጣች። ትምህርት ቤት ያሉት ኮምፒውተሮች ጥቂት ናቸው፤ ማውዝ ለመንካት እንኳ ተራ አይደርሳትም። የሰፈሩ ጠጋኝ ደግሞ ኮምፒውተርህን አይቶ «እትዬ፣ አርጅታለች፤ ባይደክሙ ይሻላል» አለኝ። እኔ ግን ወልድያ ላለው ወንድሜ ለሲሳይ ደወልኩ። በስልክ ይመራን ጀመር።

መጀመሪያ ስትነሳ አብረዋት የሚከፈቱትን ፕሮግራሞች አስቆምን። ትንሽ ቀለላት። ቀጥለን ስናይ ቦታዋ ሞልቷል፤ የሞላው ደግሞ በአንተ ፎቶ ነው። ሲሳይ «መውጣት አለባቸው» አለኝ። ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን፣ ዋሻው አፍ ላይ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ፊቴ ላይ ሲወድቅ ያነሳኸኝ እዚያ ውስጥ ነው። ማውዙን ለቀቅኩት። ሰላም «እማዬ፣ አይጠፉም። ሌላ ዲስክ ላይ እንገልብጣቸው፤ መከፈታቸውን አይተን ነው ከዚህ የምናጠፋው» አለችኝ። እንዳለችው አደረግን። ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ስለነበርክ በአንዱ ላይ ጥላህን ብቻ አገኘንና አብረን ሳቅን።

ከዚያ ከሶኬት ነቅለን ሆዷን ከፈትን። ማራገቢያዋ በአቧራ ተደፍኗል። በለስላሳ ብሩሽ ጠረግናት። ሲሳይ ፍጥነት ይጨምርላታል ብሎ በሚኒባስ የላከልንን ሜሞሪ ሰላም ከአሮጌው ጎን ጫን ስታደርገው ቀጭ አለ። ክዳኗን መልሰን አበራናት። ሞልዬ፣ ሽሮ ለመጣድ እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም! ሰላም ተነስታ አቀፈችኝ።

በማግስቱ ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ማውዝ ነክተው የማያውቁ ነበሩባቸው፤ ቀስቷ ከስክሪኑ ጥግ አልወጣ ስትላቸው ማውዙን እየገፉ ከጠረጴዛው ይጥሉታል። ብዙ ሳይቆይ የመለማመጃ ጥያቄ በመመለስ መሽቀዳደም ጀመሩ። ያ ዝም ያለው ሳሎናችን ቆሎ በሚቆረጥሙና በሚጨቃጨቁ ልጃገረዶች ተሞላ። አንተ ብታያቸው ቱሪስቶችህን ረስተህ እዚያው ትውል ነበር።

ትናንት ፈተናው አለቀ። ሰላም ከበር ሳትገባ «ጨርሼ ለመከለስም ጊዜ ተረፈኝ» አለችኝ። ውጤቱ ገና ነው፤ እኔን ግን ደስታው ከአሁኑ መቀመጫ ነስቶኛል።

ኮምፒውተሯ ስትከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ስምህ ነው። ልጆቹ ሁሉ «ሞላ» የሚለውን ተጭነው ነው የሚገቡት። ሲሳይ በሰላም ስም እንቀይረው ቢለኝ እምቢ አልኩ። የማያውቅህ ልጅ መጥቶ ሞላ ማነው ሲለኝ አጠገቤ አስቀምጬ አወራለታለሁ። በሕይወት እስካለሁ አንተን ማውራት አልተውም።

ያንተዋ አስናቀች