ጥሩዬ የጠፋች ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1996

አርጩሜውን ራሳቸው ቆርጠው አመጡልኝ። ገና እርጥብ ነው። አቶ ስማቸው፣ ሦስተኛ ክፍል የማስተምራት የጥሩዬ አባት። «መምህርት፣ ልጄ ንባብ አልያዘላትም። አንቺ ደግሞ አትመቺም አሉ። ካልተመታች በምን ትማራለች?» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ እንደ ስጦታ ነው የሰጡኝ። አመስግኜ ተቀበልኩና ሲሄዱ ጣልኩት።

እዚህ ገጠር ከተመደብኩ ገና ሁለተኛ ወሬ ነው። ክፍሌ ይንጫጫል፣ አልክድም። ግን ዛሬ ጥሩዬ አንድ ሙሉ መስመር አነበበች፤ ጣቷን እያስኬደች፣ ቀስ ብላ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

ልጆቹ በቡድን ሲያነቡ ድምፃቸው በዛ። ከጎን ክፍል የሚያስተምረው ፈንታሁን በሩን በርግዶ ገባ። «አንቺ ካልቻልሽ እኔ ልርዳሽ» አለና የፊተኛውን ረድፍ በዱላ ወረደበት። ጥሩዬን ክንዷ ላይ መታት። «ተው፣ ይበቃል» ብዬ መሐል ስገባ እሷ በበሩ ወጥታ ሮጠች። ተከትያት ብወጣ የስንዴውን ማሳ አልፋ ሄዳለች።

ርዕሰ መምህሩ «ቤቷ ትገባለች፣ አትጨነቂ» አለኝ። ፈንታሁን ለምን እንደተናደድኩ አልገባውም። የረዳኝ መስሎታል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ቤቷ አልገባችም።

አባቷ አጎቷ ዘንድ ያደረች መስሏቸው ነበር፤ ጠዋት ሲጠይቁ የለችም። ትምህርት ቤት መጡ። ክፍሉን ለርዕሰ መምህሩ ትቼ አብሬያቸው ወጣሁ። ወንዙ ዳር ደረስን። ውሃውን እያየን በዳሩ ሄድን። ምንም የለም።

አንዲት መንገደኛ ሴት ናት ያዳነችን። «ትናንት አንዲት ልጅ ወደ አማኑኤል ስትሄድ አይቻለሁ» አለች። አማኑኤል ከተማ አክስት አለቻት። በእግራችን ገሰገስን። ጥሩዬ አክስቷ ቤት ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። እግዚአብሔር ይመስገን።

አባቷን ስታይ ግን ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ጥግ ገባች። አቶ ስማቸው ከደጃፉ አላለፉም። እዚያው ተቀመጡ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

ትናንት ደክሞኝ ያልጻፍኩት አለ። ጥሩዬ ለጥቂት ቀን አክስቷ ዘንድ ትቆይ ተባለና ሁለታችን ተመለስን። ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ አቶ ስማቸው፦

«እኔም ልጅ ሆኜ የኔታ ዘንድ ፊደል ገብቼ ነበር።»

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ሲመቱኝ ጊዜ ጠፋሁ። ከላም ጋር መዋል ይሻለኛል ብዬ ቀረሁ። ይኸው ስሜን አልጽፍም።»

ቆይተው «ለሷ መልካም ያደረግሁ መስሎኝ» አሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ርዕሰ መምህሩ በጥሩዬ ጉዳይ ወላጆችን ሰበሰበ። ከክፍሉ ያነሱኛል ብዬ ቁርስም አልበላሁም። አንዱ አባት «ዱላ ከቀረ ልጅ ይባልጋል» አሉ፤ ብዙ ሰው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። አቶ ስማቸው ተነሡ። ንግግር አይችሉበትም። «የኔ ልጅ አትመታም። ሌላውን አላውቅም» ብለው ተቀመጡ። ከዚያ አንዲት እናት «የኔም» አለች።

ተወሰነ፦ እኔ ክፍል ማንም ዱላ ይዞ አይገባም፤ የልጆቹ ንባብ በሴሚስተሩ መጨረሻ ይታያል። እፎይ።

ስንወጣ ፈንታሁን «እኔም እየተመታሁ ነው ተምሬ እዚህ የደረስኩት» አለኝ።

«አብረውህ የጀመሩትስ የት ደረሱ?» አልኩት።

አሰበ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ሰኞ፣ ኅዳር 14

መጣች። አባቷ እስከ በሩ ሸኝተዋት ሄዱ። የኋላው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ክንዷ ላይ ያለው ሰንበር መጥፋት ጀምሯል።

አላነበበችም፤ እኔም አላስገደድኳት። ከጎን ክፍል ዛሬም የዱላ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ታያለች። እኔም እሷን አያለሁ። ግን አልወጣችም። ደወል ሲደወል ከጓደኞቿ ጋር እየተጋፋች ሄደች።

እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ዛሬ ራቴን በልቼ በጊዜ እተኛለሁ።