ጭቃ የተነከረው ቫይኪንግ

ፒርስ፣

እኅቴ ጋ፣ ዊትቢ ከተማ ሄጃለሁ። ድመቷን አብላ።

መታጠቢያ ገንዳውን እጠብ። የድራማህን ልብስ ጭቃ ውስጥ ለመዘፍዘፍ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው? ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እኔ ገላዬን ሳልታጠብ ወጣሁ።
ቫይኪንጎቹ እንኳን ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠቡ ነበር!

የዚያን ዘመን እንግሊዞች «በየቀኑ ጸጉራቸውን እያበጠሩ ሴቶቻችንን አማለሉብን» ብለው ያማረሩት በቆሻሻ ሰዎች ይመስልሃል? የእንግሊዟ የዌሴክስ ግዛት ልዕልት በዴንማርካዊው ቫይኪንግ ልቧ የሚጠፋው ጸጉሩን ሲያበጥር አይታ ነው ብዬ ጽፌ ሰጠሁህ። አንተ ዳይሬክተር ነኝ ብለህ ማበጠሪያውን ነጠቅከውና ጥሬ ጉበት አስጨበጥከው። «ተመልካች ንጹሕ ቫይኪንግ አያምንም» አልከኝ። ቆሻሻ ብቻ እያሳያችሁት ምን ይመን?

ትናንት ተዋናዮቹ ፊት «መሃይም» ስልህ ጩኸቴ በዝቷል።
ቃሉ ግን አልበዛም።

ሾርባው ፍሪጅ ውስጥ አለ። ለሁለታችን የሠራሁት ነበር።

ከድራማው መጨረሻ ላይ፣ «የታሪክ አማካሪ» ከሚለው ጎን ስሜን ሰርዝ። ጭቃውን የሸጠልህን ሰውዬ አስገባ፤ ምክሩን የሰማኸው የእሱን ነው።

ታምሲን