ወገቤ፣ ዮጋና ያለፈን ጽዋ

ለተከበሩ ኦቦ ጃለታ፣ የማርያም ጽዋ ማኅበራችን ሙሴ
ቡራዩ

አከም ጂርቱ? እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም ሕመም የማያውቅ ወገብ እመኛለሁ። ባለፈው ማርያም ጽዋውን የመረከብ ተራው የእኛ ቤት ሆኖ ሳለ፣ «ዮጋ የሚሉት ባዕድ መንፈስ በጠበል እስኪለቃት» ተብሎ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ብርቅዬ መሰጠቱ በማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ስለተነገረ፣ እኔም ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ተገቢ መስሎኛል።

፩. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። አልጋ ላይ የዋለችውን እናቴን ሳነሳና ሳገላብጥ ወገቤ ተጎድቶ፣ ሆስፒታል ሰውነት ማፍታታት ያስተማረችኝ ባለሙያ እንቅስቃሴው ዮጋ እንደሚባል ስትነግረኝ ደንግጬ ወደ እርስዎ የመጣሁት እኔው ራሴ ነበርኩ። አቡነ ዘበሰማያት እያልኩ ብሠራው ኃጢአት ይሆንብኝ እንደሆነ ጠየቅኩዎት። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል፤ እርስዎ ግን እንዳልደክም አዝነውልኝ ምክሩን ዘለው ቀጥታ ወደ መከራው አሻገሩኝ።

፪. ወይዘሮ ብርቅዬም በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ አይተው ስለመሰከሩብኝ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደ ፀሐይ መውጫ እንደማዞር ተናግረዋል፤ እውነታቸውን ነው። ስጸልይ ወደ ምሥራቅ እንድዞር ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ወይዘሮ ብርቅዬም ቅዳሴ ላይ ከጎኔ ሲቆሙ ወደዚያው ዞረው ስለማያቸው፣ ፀሐይ ማምለክ የጀመርነው ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ማኅበሩ ቢያጣራልን ደስ ይለኛል።

፫. ይህኛው ምስጋና ይከብደኛል። አምና ሁዳዴን በሙሉ ስግደት አቅቶኝ፣ ሰው ሲሰግድ ግድግዳ ተደግፌ አለቅስ ነበር። ዘንድሮ ለስቅለት ግን ግንባሬ መሬት ነካ፤ ደስታዬን ለእርስዎ ልነግር አስቤ ነበር። አሁን እጄን ለጸሎት ስዘረጋ እንኳ ለማን ነው የምዘረጋው እያልኩ እደነግጣለሁ፣ ውዳሴ ማርያሙም መሀል ላይ ይጠፋብኛል። እንቅስቃሴውን ልተወው ብል ደግሞ ወገቤ ይይዘኛል፣ እናቴንም የሚያነሳልኝ የለም። ጨንቆኛል፣ ኦቦ ጃለታ። እንዲህ ያለ ጭንቀት ከእርስዎ በቀር ሌላ ሰው ሊሰጠኝ ባልቻለ ነበር።

ማኅበሩን እኔን ከመሰለች ሴት ስለጠበቁ እመቤታችን ውለታዎን ትክፈልልኝ እያልኩ፣ ወገቤ በፈቀደልኝ መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ከማኅበሩ የተገለለችው እኅትዎ
ፀደንያ ስምዖን

ማሳሰቢያ፦ እናቴ የሚመጣው ማርያም ማኅበርተኛው እኛ ቤት እንደሚሰበሰብ ታስባለች። ነጠላዋ መታጠቡን በየጠዋቱ ትጠይቀኛለች፤ እርስዎንም ራስጌዋ ላስቀምጥላት አዝዛኛለች። ልነግራት አልቻልኩም። ውሳኔው የእርስዎ ነውና እባክዎ መጥተው ይንገሯት። ጆሮዋ ስለደከመ ጮክ ብለው ይናገሩ።