ያልታወቀችው ቺፕ

ኅዳር 9 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ መተማ

ዛሬ የጸጥታ ሹሙ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቄ ድረስ መጥቶ አንድ የተፈታ አሮጌ የኮምፒውተር ኪቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ትናንት ከሱዳን ሲገቡ በስለላ ተጠርጥረው የታሰሩት የጎረቤቴ የሐጅ ኢድሪስ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለችውን ጥቁር ቺፕ በጣቱ እየነካ፣ «ወሬ የምታቀብለው ይቺ ናት?» አለኝ።

ላይዋ ላይ የታተመውን ቁጥር የትም አይቼው አላውቅም። የብረት እግሮቿን በቴስተር፣ በኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ አንድ በአንድ ተከተልኩ፤ ወደ ቁልፎቹና ወደ ኮምፒውተሩ ገመድ ይሄዳሉ።

«የተጫነውን ፊደል ለኮምፒውተሩ የምትናገር ናት እንጂ ሌላ ሥራ የላትም» አልኩት።

«ተሳስተህ ከሆነስ?»

«ጣጣው በእኔ ይሁን።»

አመሻሹ ላይ ሐጅ ተፈቱ፤ ቤቴ መጥተው አቅፈው መረቁኝ። ከቺፗ እግሮች የአንዱ መድረሻ ግን አልተገኘልኝም፤ ለሹሙም አልነገርኩትም። ይህን እየጻፍኩ እንኳ መኪና ደጄ ላይ በቆመ ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።