በጎቹ አላሳቁንም

ይድረስ ለወንድሜ ለዲበኩሉ። ከመቱ ዝናብ መሀል የተነሣ ሰላምታዬ ጅጅጋ ድረስ ይድረስህ። እኛ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ዲሹም ተጠግኗል። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናየው፣ በጎች ሆቴል የሚያስተዳድሩበት ካርቱን ዛሬም አላለቀም። እማዬ ግን ቀልዱ ጠፍቷል ትላለች። ድሮ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አይደለች፣ ቀድማ ትስቅና ለጎረቤታችን ለእትዬ ኡርጌ በኦሮምኛ ስትነግራቸው ቤቱ ለሁለተኛ ጊዜ ይስቅ ነበር። አሁንም ትነግራቸዋለች። እሳቸው እንባቸው እስኪፈስ ሲስቁ እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫን አድርጋ ትይዛለች።

ምናልባት የድሮው ይሻላል ብዬ በፍላሽ የተውክልንን ከፈትኩላት። አንዴ ሳቀች። ወዲያው ሳል ያዛትና ጓዳ ገባች። ነጠላዋን እኔ ልጠብልሽ ብላት ተቆጣችኝ። ያ አረንጓዴ ጥለት ያለው ነው፤ ገመድ ላይ ሳየው ጫፉ ቀላ ብሏል።



እማዬ «ቀልዱ ድሮ ቀረ ብለሽ ብቻ ጻፊለት» ስላለችኝ እንዳለችው ጽፌልሃለሁ። ለገና የቆረጥከውን ትኬት ግን ለዚህ ሳምንት አስቀይረው።

መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ ሳያት